በሴራሚክ መካከል የጠቆረው መስመር

በዚህ ሳምንት የምንመልሰው ጥያቄ ከአንዲት የሁለት ልጆች እናት የደረሰን ነው። እኚህ እናት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲሆኑ፣ የሚኖሩትም በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደብዳቤያቸው እንዲህ ይላል፦

«ከእኛ ቤት በታች የሚኖሩት እማማ በመታጠቢያ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ውሃ እየታየ መሆኑን ሁለት ጊዜ መጥተው ነግረውኛል። በእርጅናቸው ደረጃውን ሲወጡ ሳያቸው አፈርኩ። የእኛ መታጠቢያ ቤት ወለል ሴራሚክ ነው። ሴራሚኩ ደኅና ነው፤ በመካከሉ ያለው መስመር ግን ጠቁሯል፤ በየማዕዘኑም ተፈርፍሮ ወጥቷል። አሮጌውን አውጥቶ አዲስ እንዲሞላልኝ የጠራሁት ሠራተኛ የጠየቀኝ ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ የሚወስድ ሆነብኝ። እኔና ባለቤቴ ልንሠራው እንችላለን ወይ? ወይስ ሰዎች እንደመከሩኝ አሲድ ቢፈስበት በቀላሉ ይለቃል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን አዎን፣ ትችላላችሁ የሚል ነው። ለሁለተኛው ግን ፈጽሞ አይሆንም እንላለን፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ በሰፊው እናስረዳለን።

በሴራሚክና በሴራሚክ መካከል የሚሞላው፣ ሠራተኞቹ ግራውት የሚሉት ነገር፣ በመሠረቱ ሲሚንቶና ቀለም ነው፤ ለሰፊ መጋጠሚያ ሲሆን ደግሞ ደቃቅ አሸዋ ይጨመርበታል። ሲሚንቶ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ስለዚህም ውሃ፣ ሳሙናና የሰውነት ቅባት ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰርጉበታል፤ በዚያ ላይ ሻጋታ ይበቅልና መስመሩ ይጠቁራል። በተለይም ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች በርሜሉም ጀሪካኑም የሚቀመጠው በመታጠቢያ ቤት ውስጥ በመሆኑ፣ በበርሜሉ ሥር ያለው ወለል ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ መስመሩ ቀድሞ የሚፈረፍረውም እዚያው በርሜሉ ሥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ግራውት ውሃ አያስተላልፍም ማለት አይደለም። ውሃ እንዳያልፍ የሚከላከለው ከሴራሚኩ በታች፣ ሕንፃው ሲሠራ የሚደረገው ውሃ መከላከያ ሥራ ነው። የተፈረፈረ መስመር ፍሳሹን ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን ምክንያት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ እኚህ እናት መሣሪያ ከማንሣታቸው በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ቢያጣሩ፣ ድካማቸው በከንቱ እንዳይቀር ይረዳቸዋል።

ማጣራቱ አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያ ከታች ካሉት እማማ ቤት ወርዳችሁ፣ በጣሪያው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩ፤ ቀኑንም በአጠገቡ ጻፉ። ከዚያም ውሃ በሚመጣበት ቀን በቤታችሁ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግታችሁ የቆጣሪውን ቁጥር መዝግቡ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ውሃ ሳይቀዳ ቆይታችሁ እንደገና አንብቡት። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ የሚያፈሰው በግድግዳ ወይም በወለል ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ነው፤ መስመሩን ብታድሱት ምንም አይለወጥም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ለሦስት ቀን ያህል ወለሉ ላይ ውሃ ሳይፈስ በሳፋ ታጠቡና፣ የታጠባችሁበትን ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ መውረጃው ድፉት። በዚህ ጊዜ ከታች ያለው ነጠብጣብ ካላቆመ ጥርጣሬው በፍሳሽ መውረጃው ላይ ይሆናል። ወለሉ ደረቅ በሆነበት ጊዜ አቁሞ፣ ወለሉ ሲረጥብ ከተመለሰ ግን ውሃው የሚገባው በሴራሚኩ መካከል ነው ለማለት ይቻላል።

በማንኪያ እጀታም እያንዳንዱን ሴራሚክ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ድምፁ ድፍን ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከጮኸ ሴራሚኩ ከሥሩ ለቋል ማለት ነውና፣ መስመሩን ብቻ መሙላት ለእርሱ መድኃኒት አይሆነውም። አንድ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ተነሥተው እንደገና ይለጠፋሉ። ግማሹ ወለል የሚጮኽ ከሆነ ግን ሥራው የባለሙያ ነው፤ ለሕንፃው ማኅበርም መንገር ይገባል።

አሁን ወደ አሲዱ እንመለስ።

በየሱቁ፣ ብዙ ጊዜም ምንም ጽሑፍ በሌለበት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠው የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ሲሚንቶን እንደሚበላ እውነት ነው። ችግሩ የት ማቆም እንዳለበት የማያውቅ መሆኑ ነው። መስመሩን በልቶ ሲያልፍ ሴራሚኩ የተለጠፈበትን ሲሚንቶም ይበላል፤ የቧንቧውን ማንቆርቆሪያና የብረቱን መውረጃ ያዝጋል፤ እምነበረድ ካገኘም ያበላሸዋል። በቁመቱ አንድ ሰው በሚያህል ጠባብ መስኮት ከሚተነፍስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ትነቱ ብቻውን ጉሮሮን ያቃጥላል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ይህንን የምጽፈው ከራሴ ቤት ካየሁት ነው። ከዓመታት በፊት የመታጠቢያ ቤቴ መስመር ጠቁሮ አላምር ስላለኝ፣ በቤቴ ለምትሠራው ልጅ አሲድ ገዝቼ «ይህንን አፍስሰሽ ፈትጊው» ብያት ወደ ሳሎን ሄድኩ። ልጅቷ ግን ጠዋት ወለሉን በበረኪና አጥባው ኖሯል። በረኪናው ገና አልታጠበም ነበር። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ «እትዬ፣ ትንፋሽ አጠረኝ» እያለች ስትወጣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ሳሉ አላናግር ብሏት ነበር። የሦስት ዓመቱ ልጄ በሩ ሥር ተቀምጦ ይጫወት ነበርና እርሱም ማልቀስ ጀመረ። ሁለቱንም ወደ ውጭ አወጣኋቸው። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች፤ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። አሲዱን የገዛሁትም፣ ሳልጠይቅ ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚፈጠረው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በቤልጅግ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ የጀርመን ጦር በጠላቶቹ ላይ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ነበር። ክሎሪን ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል። ተንበርክካ የምትፈትገው ሴትና ወለል ላይ የሚጫወተው ሕፃን በቅድሚያ የሚጎዱትም ስለዚህ ነው። አቼቶም ቢሆን አሲድ ነውና ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም። ከሽንት ቤት ማጽጃ ፈሳሾችም ብዙዎቹ አሲድ አለባቸው። ምናልባት እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ፣ ፈጥኖ ወደ ውጭ መውጣትና በርና መስኮት መክፈት፤ ወለሉን አጥባለሁ ብሎ ወደ ውስጥ አለመመለስ፤ የተቃጠለ ዓይን ካለም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። የትንፋሽ ማጠር ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል፣ ሳሉ ካልተወ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

እንግዲህ መስመሩ ጠቁሮ ነገር ግን ሳይፈረፈር ከሆነ፣ ከናካቴው ማንሣት ላያስፈልግ ይችላል። አንድ እጅ በረኪና ለአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ መስመሩን አርጥቡት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። ጥቁረቱ ከለቀቀ ገንዘባችሁም ጉልበታችሁም ተረፈ። በካቻቪቴ ጫፍ ስትነኩት እንደ ዱቄት የሚወርድ፣ የተሰነጠቀ ወይም ወጥቶ ያለቀ ከሆነ ግን መነሣት አለበት። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ብዙዎች የሚሞክሩት ነው፤ ስስ ሆኖ ስለሚቀር በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀርፎ ይነሣል።

ሥራው ምን ያህል ነው? 30 በ30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሴራሚክ የተነጠፈ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ መስመር አለው። ሦስት ካሬ ሜትር የሆነ መታጠቢያ ቤት እንግዲህ 20 ሜትር መስመር ይኖረዋል። ይህን በእጅ ፍቆ ማውጣት ክንድ የሚያደክም ሥራ በመሆኑ፣ ወለሉን ለሁለት ከፍሎ የሚታጠቡበትን ግማሽ በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ የቀረውን በሚቀጥለው መሥራት ይሻላል። ባለቤትም በዚህ ሥራ እንዲካፈሉ ደብዳቤ ጸሐፊዋ ማሰባቸው ደስ አሰኝቶናል፤ ጉልበቱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነውና።

ለዚሁ የተሠራ አጭር የእጅ መጋዝ በሕንፃ መሣሪያ ሱቆች አለ። ከታጣ የሲጌቶ ምላጭ ይበቃል፤ አንደኛውን ጫፍ በጨርቅና በፕላስተር ጠቅልላችሁ መያዣ አድርጉት። መስመሩ ሰፊ ከሆነ ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን አሥራችሁ መጠቀም ይቻላል። የመጀመሪያውን ሙከራ ከበሩ ኋላ፣ ሰው በማያየው ማዕዘን አድርጉት፤ እጅ እስኪለምድ አንድ ሁለት ጊዜ መንሸራተቱ አይቀርምና። ምላጩን በመስመሩ መካከል አስገብታችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ መካከሉ ቦይ ሲያወጣ በግራና በቀኝ የቀረው በቀላሉ ይለቃል። ከመካከል ሳይጀምሩ በቀጥታ ከሴራሚኩ ጠርዝ የጀመሩ ብዙዎች ጠርዙን ቆርሰውታል። ግትር የሆነውን ክፍል በጠባብ መሮና በትንሽ መዶሻ ማላላት ይቻላል፤ ሆኖም መሮው ይጋደም እንጂ ቀጥ ብሎ አይቁም፤ ሴራሚኩንም ተደግፎ እንደ ፈንቅል አይሥራ።

ጥልቀቱስ? ከሴራሚኩ ውፍረት ቢያንስ ግማሹ መውጣት አለበት። የወለል ሴራሚክ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በክብሪት እንጨት ላይ 4 ሚሊ ሜትር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ በየቦታው ብትለኩበት፣ የት እንዳልደረሳችሁ ወዲያውኑ ይታያችኋል። ከዚያ በላይ ጠልቆ መቆፈር አያስፈልግም፤ ከሥሩ ውሃ መከላከያ ተደርጎ ከሆነ መሣሪያው ሊቀደው ይችላል።

ጎረቤት በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ግራይንደር ላበድራችሁ ቢል፣ ለማያውቅ እጅ አንመክርም። አንድ ጊዜ ከሸሸ ሴራሚኩን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ከዚህም ሌላ የሚያነሣው አቧራ ክፍሉን ጉም ያስመስለዋል። በግራውቱም በሴራሚኩም ውስጥ ያለው ሲሊካ የተባለው ማዕድን በደቃቁ ሲተነፈስ ከሳንባ አይወጣም። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን አቧራ በሥራ ላይ ዘወትር የሚተነፍሱ ሰዎች ለሳንባ ካንሰር እንደሚጋለጡ አስታውቋል። አንድ መታጠቢያ ቤት አንድ ጊዜ በእጅ መፋቅ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ እንደሚቆርጡት ሠራተኞች ያደርጋል ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ማስቀረቱ ቀላል ሆኖ ሳለ መተንፈሱ ለምን? መስመሩን በሚረጭ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት እያረጠባችሁ ፋቁት፤ አቧራው ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በነጠላ ወይም በተራ የጨርቅ ማስክ አፍን መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያግድም፤ ኤን-95 የሚባለው ማስክ ይሻላል። ለዓይንም መነጽር ያስፈልጋል፤ ከምላጩ ሥር ፍንጣሪ ይዘላልና። ልጆች በዚያን ቀን ከአያታቸው ዘንድ ቢውሉ መልካም ነው።

ጭቃውን በስፖንጅ ሰብስባችሁ በፌስታል አድርጋችሁ ጣሉት። ወደ ፍሳሽ መውረጃው የታጠበ እንደሆነ ከታች ጠጥሮ ይዘጋዋል፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው የበለጠ ችግር ይመጣል። የደረቀውንም በመጥረጊያ አታንሡት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

እዚህ ላይ ሳንናገር የማናልፈው አለ። ይህንን ሥራ ለቤት ሠራተኛዋ ትቶ ወደ ሥራ መሄድ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ምን እንደምትነካ ያልተነገራት፣ ጓንት ያልተገዛላት፣ በባዶ እግሯ የቆመች ልጅ በዚህ ሥራ ላይ መሰማራት የለባትም። ልታግዝ ፈቃደኛ ብትሆን እንኳ፣ ለእናንተ የገዛችሁት መነጽርና ማስክ ለእርሷም ይገዛ።

አሮጌው ወጥቶ ወለሉ ጸድቶ ከደረቀ በኋላ የመሙላቱ ሥራ ከማውጣቱ ይልቅ ቀላል ነው። ርካሽ ስለሆነ ብዙዎች ነጭ ሲሚንቶ ብቻውን በጥብጠው ይሞላሉ፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል፤ ውሃውም በዚያው ይገባል። ለዚሁ ተዘጋጅቶ በከረጢት የሚሸጠውን መግዛት ይበጃል። መጋጠሚያው ከ3 ሚሊ ሜትር የሚጠብ ከሆነ አሸዋ የሌለውን፣ ከዚያ የሚሰፋ ከሆነ አሸዋ ያለውን ጠይቁ። ለወለል ነጭ ከመምረጥ አመድማው ይሻላል፤ ነጩ ከርሞ ነጭ ሆኖ ሲገኝ አላየንም።

ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ውሃ አርጥቡት፤ ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ ከዳቦ ሊጥ የቀጠነ ይሁን። ውሃ የበዛበት እንደሆነ ደካማ ይሆናል። 10 ደቂቃ አሳርፋችሁ ውሃ ሳትጨምሩ እንደገና አማስሉት። ሊጥ ማቡካት የለመደ እጅ ይህንንም በባዶው ማቡካት ያምረዋል፤ ነገር ግን እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቁስሉም የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ነው። ጓንት አድርጉ፤ ቀለበትም አውልቁ። በላስቲክ መግፊያ፣ ከሌለም ንጹሕ በሆነ ያረጀ ነጠላ ጫማ ሶል፣ መስመሩን አግድም እያቋረጣችሁ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ሙሉት። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በሚገባ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ አሁንም አግድም፣ ጥረጉት። በመስመሩ አቅጣጫ የተጠረገ እንደሆነ የሞላችሁትን ስፖንጁ መልሶ ያወጣዋል። ወለሉ ከግድግዳው በሚገናኝበት ማዕዘን ግን ግራውት አትሙሉ፤ ሁለቱ ስለሚንቀሳቀሱ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ለእርሱ የሚሆነው ሲልኮን ነው። ደብዳቤ ጸሐፊዋ «በየማዕዘኑ ተፈርፍሯል» ያሉትም ምናልባት ከዚሁ የተነሣ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ትዕግሥት ነው። ለ24 ሰዓት አይረገጥ። ውሃ ደግሞ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ፣ ካልተጻፈም ለሦስት ቀን ያህል አይፍሰስበት። በርሜሉን ወደ ቦታው ስትመልሱ በቀጥታ ወለሉ ላይ ከማስቀመጥ፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ በሦስት ጡብ ላይ አቁሙት።

ሥራው ካለቀ በኋላ እንደወትሮው እየታጠባችሁ አንድ ሳምንት ቆዩ። ከዚያም ወደ እማማ ቤት ወርዳችሁ በእርሳስ ያሰመራችሁትን ተመልከቱ። እርጥበቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ከሆነ ጣሪያው እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት ጠብቁና፣ የጣሪያቸውን ቀለም ራሳችሁ ቀቡላቸው፤ መሰላሉን ለእርሳቸው አትተዉ። ከመስመሩ አልፎ ከሆነ ግን እንደገና ጻፉልን።